ስም ይዛችሁ ፈልጉ፦ የአውሮፕላን፣ የሮኬትና የቴክኖሎጂ ታሪክ ቪዲዮ አመራረጥ

ዩቲዩብ ላይ በእንግሊዝኛ «አስገራሚ ሮኬት» ብላችሁ ፈልጉ። የሚመጣላችሁ ቀይ ቀስት የተሳለበት ፎቶ፣ አፉን የከፈተ ሰው እና «ናሳ የደበቀው ምስጢር» የሚል ርዕስ ነው። አሁን ደግሞ «አፖሎ 12 መብረቅ» በሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኖቬምበር 14 ቀን 1969 አፖሎ 12ን ወደ ጨረቃ ይዞ የሚሄደው ሮኬት ከተነሳ አንድ ደቂቃ ሳይሞላው ሁለት ጊዜ መብረቅ መታው። የመንኮራኩሩ የኤሌክትሪክ ሥርዓት ተናጋ። ሂውስተን ያሉት ተቆጣጣሪዎች ስክሪን ላይ የሚደርሰው ቁጥር ሁሉ ትርጉም የለሽ ሆነ። ጆን አሮን የሚባል የ26 ዓመት ኢንጂነር ግን ያንን የተዘበራረቀ ቁጥር ከዚያ በፊት በአንድ ሙከራ ላይ አይቶት ነበር። ብዙዎቹ ባልደረቦቹ ስሟን እንኳ የማያውቋትን አንዲት ማብሪያ ማጥፊያ ወደ ሌላ ቦታ እንዲያዞሯት አዘዘ። ጠፈርተኛው አለን ቢን የት እንዳለች ያውቅ ነበርና አዞራት። መረጃው ተመለሰ፤ ጉዞውም ቀጠለ። ይህን ሁሉ በእውነተኛው የሬዲዮ ድምፅ የሚያሰሙ፣ ማብሪያዋ ምን እንደምትሠራ ቁጭ ብለው የሚያስረዱ ቪዲዮዎች ተደርድረው ይመጡላችኋል።

ሁለቱን ፍለጋዎች የለየው የጻፋችሁት ቃል ነው። «አስገራሚ» ብላችሁ ከጻፋችሁ አስገራሚነት የሚሸጥ ሰው ይመጣል። ስም ከጻፋችሁ ያንን ነገር የሚያውቅ ሰው ይመጣል። የቀረው ሥራ በሙሉ ከዚህ ይጀምራል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

1. ከዩቲዩብ በፊት አምስት ደቂቃ ዊኪፔዲያ

የምትፈልጉት ነገር ገጽ ላይ ገብታችሁ ስሞቹን ልቀሙ። የሞተሩን ስም፣ የበረራ ቁጥሩን፣ አውሮፕላኑ ጅራት አካባቢ የተጻፈውን የምዝገባ ቁጥር፣ ሙከራው የተደረገበትን ቦታ፣ የዋና ኢንጂነሩን ስም፣ ቀኑን። በማስታወሻ ያዟቸው።

ለምሳሌ «ወደ ጨረቃ የሄደው ሮኬት» የሚለውን ተዉት። ሮኬቱ ሳተርን ፋይቭ ይባላል፤ ቁመቱ 110 ሜትር ነው። የመጀመሪያ ደረጃው ኤፍ-1 የሚባሉ አምስት ሞተሮች አሉት፤ እያንዳንዱ 680 ቶን ገደማ ይገፋል። አሁን «ኤፍ-1» እና «የቃጠሎ አለመረጋጋት» የሚሉትን ሁለት ስሞች በእንግሊዝኛ አንድ ላይ ጻፉ። ኢንጂነሮቹ ሞተሩ እየነደደ ውስጡ ትንንሽ ቦምብ እያፈነዱ፣ እሳቱ ራሱን መልሶ ያረጋጋ እንደሆነ ሲፈትኑ ታገኛላችሁ። እንዲህ ያለ ታሪክ «አስገራሚ ሮኬት» በሚል ፍለጋ በጭራሽ አይገኝም፤ ከማንኛውም ቀይ ቀስት በላይ አስገራሚ ግን እሱ ነው።

ለአውሮፕላን ከሁሉም የሚጠቅመው የምዝገባ ቁጥሩ ነው። ፎቶ አንሺዎችና የአደጋ መርማሪዎች ሁሉ የሚጽፉት እሱን ስለሆነ፣ ወሬ የሚያቀባብሉትን ሰዎች ወደ ኋላ ይገፋቸዋል።

2. በባለቤቱ ቋንቋ ፈልጉ

በእንግሊዝኛ መፈለግ ግዴታ ነው፤ አንዳንዴ ግን አይበቃም። የሶቪየት መንኮራኩር ቡራን ኖቬምበር 15 ቀን 1988 ያለ ሰው በርራ፣ ምድርን ሁለት ጊዜ ዞራ፣ ራሷን ችላ ማኮብኮቢያ ላይ አረፈች። ከዚያ በኋላ አልበረረችም። ስለ እሷ በእንግሊዝኛ የሚገኘው በአብዛኛው ተመሳሳይ ምስል ላይ የተደረበ ትረካ ነው። በሩሲያኛ ፊደል ስትፈልጉ ግን የሠሯት ሰዎች ራሳቸው ሲናገሩ ትሰማላችሁ።

ሩሲያኛ ማወቅ አያስፈልግም። ዊኪፔዲያ ገጹ ላይ የቋንቋ ዝርዝሩን ከፍታችሁ ሩሲያኛውን ንኩ፣ ርዕሱን ኮፒ አድርጉ፣ ዩቲዩብ ላይ ለጥፉ። ትርጉሙን ለካፕሽኑ ተዉለት። ከድምፅ ለሚፈጥነው የመንገደኛ አውሮፕላን ለኮንኮርድ ፈረንሳይኛ፣ ለጀርመን ሮኬቶች ጀርመንኛ፣ እንዲሁ ነው።

ይሄ ዘዴ ለራሳችን ታሪክም ይሠራል። በ1935 ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር አዲስ አበባ ውስጥ በኢትዮጵያውያን እገዛ የሠራት ትንሽ አውሮፕላን፣ በልዕልት ፀሐይ ስም የተሰየመችው፣ በወረራው ጊዜ ጣሊያን ተወስዳ ቪኛ ዲ ቫሌ በሚገኘው የአየር ኃይል ሙዚየም ኖራ በጃንዋሪ 2024 ለኢትዮጵያ ተመልሳለች። በአማርኛ ስትፈልጉ ስለ ርክክቡ ዜና ታገኛላችሁ። አውሮፕላኗን ራሷን፣ ክንፏንና ሞተሯን በቅርብ ለማየት ግን «ኢትዮጵያ 1» የሚለውን ሌላ ስሟን ከሙዚየሙ ስም ጋር በጣሊያንኛ አጻጻፍ መሞከር ነው።

የድሮ ዜና ፊልም ስትፈልጉ ደግሞ የድሮውን ስም ጻፉ። የ1930ዎቹ የእንግሊዝ ካሜራ ሠራተኛ ፊልሙ ላይ የለጠፈው «አቢሲኒያ» ብሎ ነው። «ኢትዮጵያ» ብቻ ብላችሁ ከፈለጋችሁ ግማሹን ትተላለፉታላችሁ።

3. ማጣሪያውን አጥብቁት

ፍለጋው ከመጣ በኋላ «ፊልተርስ» የሚለውን ንኩና ከ20 ደቂቃ በላይ የሆኑትን ብቻ እንዲያሳያችሁ አድርጉ። ርዝመት የጥራት ማረጋገጫ አይደለም፤ ግን አጫጭር ቆርጦ ለጣፊዎች በዚህ ብቻ ይቀንሳሉ። ከዚያ «ፕሌይሊስት» የሚለውን ሞክሩ። አንድ ሰው ጊዜ ሰጥቶ በቅደም ተከተል የደረደረው ስብስብ አንድ ለአንድ ከመፈለግ ያድናል።

ሦስት ምልክቶች ልመዱ።

ጥቅስ ምልክት፦ በጥቅስ ውስጥ ያስገባችሁት ሐረግ እንዳለ እንዲፈለግ ይገፋዋል።

የመቀነስ ምልክት፦ የማትፈልጉትን ያስወጣል። ስለ ጦር አውሮፕላን ስትፈልጉ ከሚመጣው ብዙው የኮምፒውተር ጌም ነው። «ሲሙሌተር» እና «ጌምፕሌይ» የሚሉትን ቃላት ከፊታቸው የመቀነስ ምልክት አድርጋችሁ ጨምሩ፤ ገጹ ይጸዳል።

ሦስተኛው በጣም የምወደው ነው። በእንግሊዝኛ «ቢፎር» ብላችሁ፣ ሁለት ነጥብ አድርጋችሁ፣ ክፍት ቦታ ሳትተዉ 2021 ብላችሁ ጨምሩ (before:2021)። ከዚያ ዓመት በፊት የተጫኑ ቪዲዮዎች ብቻ ይመጣሉ። ለምን 2021? በኤአይ የሚመረተው ጥራዝ ነጠቅ ትረካ ዩቲዩብን ያጥለቀለቀው ከዚያ ወዲህ ስለሆነ ነው። የ1960ዎቹ ሮኬት ታሪክ ደግሞ አልተቀየረም፤ በ2014 የተጫነ ጥሩ ቪዲዮ ዛሬም ጥሩ ነው።

4. ጥሬ ፊልም የተቀመጠባቸው ቤቶች

ተራኪ ከመስማታችሁ በፊት ዋናውን ማየት ልመዱ። የናሳ ፊልሞች በአብዛኛው ለሕዝብ ክፍት ናቸው፤ የምስልና ቪዲዮ ቤተ መጻሕፍታቸው ላይ ገብታችሁ በነፃ ታወርዳላችሁ። ፋይሉን በተለያየ መጠን ስለሚያቀርቡት ለስልክ የሚሆነውን ትንሹን መምረጥ ትችላላችሁ። የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የዩቲዩብ ቻናል አለው። ኢንተርኔት አርካይቭ የድሮ የሥልጠናና የኢንዱስትሪ ፊልሞች ጎተራ ነው፤ ማውረጃው ጎን ላይ ተቀምጧል። ብሪቲሽ ፓቴ በ2014 85,000 ያህል የዜና ፊልሞቹን ዩቲዩብ ላይ ጭኗል። ፔሪስኮፕ ፊልም የሚባለው ቻናል የፋብሪካና የወታደር ሥልጠና ፊልሞች ይሰበስባል፤ ምስሉ ላይ የሚቆጥረው ቁጥር ትንሽ ያናድዳል፣ ይዘቱ ግን ሌላ ቦታ በቀላሉ አይገኝም።

የ1940ዎቹ የአብራሪ ማሠልጠኛ ፊልም አንዴ እዩ። አንድ አስተማሪ ቆሞ ካርቡሬተር ለምን በረዶ እንደሚይዝ፣ ክንፍ መቼ መሸከም እንደሚያቆም ያስረዳል። የዛሬ ዩቲዩበር ሦስት ደቂቃ ሙዚቃ የሚያስቀድምበትን ነገር እሱ በአርባ ሰከንድ ይጨርሰዋል። ለምን ቢባል፣ የሚያስተምራቸው ልጆች ካልገባቸው ይሞታሉ።

ከእነዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ግን «አፖሎ ኢን ሪል ታይም» የሚባለውን ድረ ገጽ እመርጣለሁ። ቪዲዮ ብቻ አይደለም። የአፖሎ 11፣ 13 እና 17 ጉዞዎች ፊልም፣ ፎቶ፣ የጠፈርተኞቹና የተቆጣጣሪዎቹ ድምፅ ሁሉ በሰከንድ ተገጣጥሞ ተቀምጧል። ገብታችሁ የአፖሎ 13 የኦክስጅን ታንክ የፈነዳበትን ቅጽበት ትመርጣላችሁ፤ ከዚያ የኤሌክትሪክ ኃላፊው መስመር ላይ ሆናችሁ ትሰማላችሁ። ማንም አይጮህም። ሰዎቹ የሚያነቡትን ቁጥር ማመን ሲያቅታቸው፣ መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆናል ሲሉ፣ ቀስ በቀስ እውነት መሆኑን ሲቀበሉ ትሰማላችሁ። ተራኪ የለም፤ ሙዚቃ የለም። ካየኋቸው የጠፈር ዶክመንተሪዎች አንዱም እዚህ አይደርስም።

ለቴክኖሎጂ ታሪክ ካሊፎርኒያ ያለው የኮምፒውተር ታሪክ ሙዚየም ቻናል አለ። ፕሮሰሰር፣ ዲስክ፣ ኔትወርክ የሠሩ ሰዎችን እያስቀመጠ ለሰዓታት ያናግራል። አንዳንዱ ያዛጋል፤ እውነት ነው። ግን ለምን አንዱ ንድፍ አሸንፎ ሌላው እንደወደቀ ከባለቤቱ አፍ መስማት ሌላ ነገር ነው። የቤል ላብስ የድሮ ፊልሞችም በኤቲ ኤንድ ቲ ቻናል ላይ አሉ፤ ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ ዩኒክስ ስለሚባለው፣ ራሳቸው ስለሠሩት የኮምፒውተር ሥርዓት በ1982 ሲያስረዱ ታያላችሁ። ከሁሉም በፊት ግን የኮምፒውተር ተመራማሪው ዳግላስ ኤንግልባርት ዲሴምበር 9 ቀን 1968 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ያቀረበውን የ90 ደቂቃ ማሳያ ፈልጉ። ማውስ፣ ከጽሑፍ ወደ ጽሑፍ የሚወስድ ሊንክ፣ ሁለት ሰዎች ተራርቀው በአንድ ሰነድ ላይ እየተያዩ ሲሠሩ፤ ሁሉም በአንድ ቀን መድረክ ላይ። ቀኑን ደግማችሁ አንብቡት። ሰው ገና ጨረቃ ላይ አልወጣም ነበር።

ጠለቅ ማለት ለምትፈልጉ ኤምአይቲ በ2005 ስለ ስፔስ ሸትል የሰጠው ሙሉ ኮርስ በነፃ ይገኛል። ካስተማሩት አንዱ የመንኮራኩሩን ፕሮጀክት የመራው አሮን ኮኸን ነው፤ ሌላው አምስት ጊዜ የበረረው ጠፈርተኛ ጄፍሪ ሆፍማን። እንግዳ ሆነው የሚመጡት የሠሩት ሰዎች ናቸው። የድምፁና የምስሉ ጥራት የዘመኑ ነው፤ ታገሡት።

5. ከዚያ አስረጂ ያዙ

ጥሬ ፊልም ብቻውን ይከብዳል። አስረጂ ያስፈልጋል። እኔ ቻናል የምመርጠው «ይሄ ሰው ሥራው ምንድን ነው?» ብዬ ነው። «አባውት» የሚለውን ገጽ ክፈቱና እዩ። ስም የለም፣ ሙያ የለም፣ ምንጭ የለም ከሆነ እለፉት።

ስለ ሮኬት ስኮት ማንሊ አጭርና ፍሬ ያለው ነው፤ ፊዚክሱን አይሸሽም። ኤቭሪዴይ አስትሮኖት በጣም ረጅም ነው፣ ግን የሮኬት ሞተር ዓይነቶችንና የሶቪየት ሞተሮችን ታሪክ ያስረዳበትን ያህል ጥርት አድርጎ ያስረዳ አላየሁም። ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላኖች «ግሬግስ ኤርፕሌንስ» የዘመኑን የአብራሪ ማኑዋልና የፍጥነት ሠንጠረዥ ስክሪን ላይ ዘርግቶ ነው የሚከራከረው። ድምፁ ያስተኛል። ማስረጃው ያነቃል።

ለቴክኖሎጂ፦ ቢል ሃማክ፣ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር፣ «ኢንጂነር ጋይ» በሚለው ቻናሉ የመጠጥ ቆርቆሮ እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳይበት ቪዲዮ ለጀማሪ የምመክረው ነው። አሲያኖሜትሪ የቺፕ ኢንዱስትሪን ታሪክ ይዘረዝራል። ኪዩሪየስ ማርክ ደግሞ ለየት ይላል። እሱና ጓደኞቹ እውነተኛ የአፖሎ ኮምፒውተር አግኝተው፣ ሽቦ በሽቦ ፈትሸው፣ በ2019 ለጨረቃ ጉዞው 50ኛ ዓመት አስነሱት። የዚያ ኮምፒውተር ቋሚ ሜሞሪ በሴቶች እጅ የተሸመነ ነበር። ሽቦው በማግኔት ቀለበቱ ውስጥ ካለፈ 1፣ ከውጭ ከዞረ 0። ይህን በመጽሐፍ ማንበብና ሰው ኦሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪክ ሞገድን በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ) ይዞ ሲያነበው ማየት በጣም ይለያያል።

6. የአደጋ ቪዲዮ፤ እዚህ ጋ ረጋ በሉ

አቪዬሽን ፈልጋችሁ አደጋ አለማግኘት አይቻልም። ለኛ ደግሞ ቅርብ ነው።

ማርች 10 ቀን 2019 የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302፣ ምዝገባው ኢቲ-ኤቪጄ፣ ከቦሌ በተነሳ በ6 ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አካባቢ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። በዚያው ሳምንት ዩቲዩብ ላይ ፍርድ የሰጠ ስንት ሰው ነበር! ጥፋቱን አብራሪዎቹ ላይ የደፋው ብዙ ነው። በኤፕሪል 4 ቀን የመጀመሪያ ደረጃ ሪፖርቱ ሲወጣ ነገሩ ተቀየረ። በኦክቶበር 2018 ኢንዶኔዥያ ላይ 189 ሰው በገደለው የዚያው ዓይነት አውሮፕላን (ቦይንግ 737 ማክስ) አደጋ ላይ የታየው ኤምካስ የተባለው ሶፍትዌር፣ በአንድ ሴንሰር የተሳሳተ ንባብ ብቻ ተነሥቶ አፍንጫውን ወደ መሬት ሲገፋ እንደነበር ታየ። የመጨረሻው ሪፖርት የወጣው በዲሴምበር 2022 ነው። የአደጋ መርማሪ ተቋማቱ፣ የአሜሪካው ኤንቲኤስቢና የፈረንሳዩ ቢኢኤ ደግሞ በሪፖርቱ ላይ የየራሳቸውን አስተያየት አወጡ።

ስለዚህ ስለ አንድ አደጋ ቪዲዮ ስታዩ መጀመሪያ የተጫነበትን ቀን ተመልከቱ። ከመጨረሻው ሪፖርት በፊት ነው ወይስ በኋላ? ከተገኘ ሁልጊዜ የኋላውን ምረጡ። ስለ 302 ከሆነ ደግሞ የኢትዮጵያን ሪፖርትም የሌሎቹን አስተያየትም የሚያነሳውን ፈልጉ። አንዱን ብቻ የሚያቀርብ፣ በየትኛውም ወገን ይሁን፣ ጎዶሎ ነው።

ሜንቱር ፓይለት የሚባለው ቻናል ባለቤት ስዊድናዊ የ737 ካፒቴንና አሠልጣኝ ነው፤ አብዛኛውን ታሪክ በሪፖርት ላይ ተመሥርቶ፣ ለሟቾች ክብር ሰጥቶ ያቀርባል። የመቆጣጠሪያ ማማና የአብራሪዎችን ንግግር መስማት ከፈለጋችሁ ቫስ አቪዬሽን በካርታ እያሳየ ያሰማል።

የበረራ 961 ፊልም ደግሞ ሁላችንም ያየነው ነው። ኖቬምበር 23 ቀን 1996 የተጠለፈው ቦይንግ 767 ነዳጅ ጨርሶ ኮሞሮስ ባሕር ዳርቻ ላይ ሲያርፍ አንድ ቱሪስት ቀረጸው። ከ175 ሰዎች 50 ተረፉ። ያቺ አጭር ምስል በሺህ ቦታ ተቆርጣ ተለጥፋለች፤ አብዛኛው ካፒቴን ልዑል አባተ ከጠላፊዎች ጋር እየተጨቃጨቁ እንዴት ወደ ዳርቻው እንዳስጠጉት አንድ ቃል አይልም። ምስሉን ብቻ የሚያሳየውን ዝለሉት፤ ከቦሌ መነሻው ጀምሮ የሚተርከውን ያዙ።

7. ምስሉ የሚባለው ነገር ነው ወይ?

አንድ ቻናል ታማኝ መሆኑን ለመለካት የማውቃቸው አራት ወጥመዶች አሉ። እየሳቃችሁ ትጠቀሙባቸዋላችሁ።

ራይት ወንድማማቾች ዲሴምበር 17 ቀን 1903 ለ12 ሰከንድ፣ 36 ሜትር ያህል በረሩ። የዚያ ቀን ፎቶ አለ፤ ፊልም ግን የለም። የሚንቀሳቀሰው ምስላቸው ከ1908 ወዲህ ነው። «የ1903ቱ በረራ ቪዲዮ» ብሎ ፊልም የሚያሳያችሁ ሰው ሌላውንም አልመረመረም።

ሁለተኛው፦ ከሳተርን ፋይቭ ላይ አንድ ትልቅ ቀለበት በቀስታ እየተገለበጠ ወደ ሰማያዊው ምድር ሲወድቅ የሚታይበት ውብ ምስል። በየአፖሎ 11 ፊልሙ ውስጥ አለ። የተቀረጸው ግን ሰው ባልነበረባቸው የ1967 እና የ1968 ሙከራዎች፣ አፖሎ 4 እና 6 ላይ ነው። ካሜራዎቹ በፓራሹት ወርደው ከባሕር ተለቀሙ። ጥሩ ቻናል ይህን ይናገራል፤ ጎበዞቹ ጥግ ላይ ይጽፉታል።

ሦስተኛው፦ አንድ ባለ አራት ሞተር ጄት በረሃ ላይ ተንሸራትቶ በእሳት ሲዋጥ የሚታይበት። ስንት አደጋ ስም እንደተለጠፈበት! ዲሴምበር 1 ቀን 1984 ናሳና የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን ሆን ብለው፣ በርቀት እየነዱ የከሰከሱት ቦይንግ 720 ነው። ውስጡ የነበሩት አሻንጉሊቶች ናቸው።

አራተኛው የሂንደንበርግ፣ የጀርመኑ ግዙፍ አየር መርከብ ቃጠሎ ነው፤ ሜይ 6 ቀን 1937። እያለቀሰ የሚዘግበው የሬዲዮ ጋዜጠኛ ኸርበርት ሞሪሰን ድምፅና ፊልሙ ለየብቻ የተቀረጹ ናቸው፤ የተዋሐዱት በኋላ ነው። በወቅቱ አንድ ላይ እንደተላለፉ የሚያስመስል ትረካ ካያችሁ ጥንቃቄ።

ኮምፒውተር ላይ ከሆናችሁ ቪዲዮውን አቁማችሁ የነጥብና የኮማ ቁልፎችን ንኩ፤ ምስል በምስል ወደፊትና ወደኋላ ይሄዳል። የአውሮፕላኑን የምዝገባ ቁጥር ለማንበብ ፍቱን ነው።

8. የኤአይ ምርት መለያ

ድምፁ ለስላሳ ነው፤ ዓመተ ምሕረት ሲያነብ ግን ይሳሳታል። የአንድን አውሮፕላን ታሪክ እየተረከ ምስሉ ሦስት ዓይነት አውሮፕላን ያሳያል። የሞተሩ ብዛት በየምስሉ ይለዋወጣል። ክንፉ ላይ የተጻፈው ፊደል ፊደል አይደለም። ቻናሉ በቀን ሁለት ሦስት የአንድ ሰዓት ቪዲዮ ይጭናል፤ እንዲህ የሚችል የታሪክ ተመራማሪ በዓለም የለም። ኮመንቱ ውስጥ ደግሞ አንድ ጡረታ የወጣ መካኒክ «ይሄ ፈጽሞ ስህተት ነው» ብሎ ይጽፋል። የአቪዬሽን ኮመንት ማንበብ አትናቁ፤ አንዳንዴ ከቪዲዮው ይበልጣል።

በአማርኛ የሚተረኩትም ላይ ይኸው መለኪያ ይሠራል። ተራኪው ምንጩን ከጠራ ወይም ከቪዲዮው ሥር ካስቀመጠ ተከታተሉት። ካልጠራ ኮመንት ላይ በአክብሮት ጠይቁት። ቁም ነገር ያለው ሰው ይመልሳል።

9. ቀጥታ ስርጭት ላይ

ሮኬት ሲወነጨፍ በቀጥታ ማየት ደስ ይላል። ሰዓቱን ለማወቅ አቋራጭ ልንገራችሁ። ማስታወቂያው በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) ከሆነ 3 ቀንሱ፤ የኛ ሰዓት ነው። 18፡00 ዩቲሲ ሲል 15 ይቀራል፤ 12 ቀንሱ፣ ማታ 3 ሰዓት። 07፡00 ሲል ጠዋት 4 ሰዓት። የምታዩት ከውጭ ሆናችሁ ከሆነ ይሄ ሒሳብ አይሠራም።

ማስጠንቀቂያ፦ በትልልቅ ማስወንጨፊያ ቀናት የተጠለፉ ቻናሎች የስፔስኤክስን አርማ ለጥፈው «ቢትኮይን ላኩ፣ እጥፍ እንመልሳለን» ይላሉ። የኢሎን መስክ ፊትም ድምፅም ሐሰተኛ ነው። ስፔስኤክስ ከ2023 ጀምሮ ስርጭቱን ወደ ኤክስ (የቀድሞው ትዊተር) አዙሯል፤ ስለዚህ ዩቲዩብ ላይ «የስፔስኤክስ ይፋዊ ቀጥታ» የሚል ካያችሁ፣ በተለይ ኪውአር ኮድ ካለበት፣ ወዲያው ውጡ። ናሳ ስፔስፍላይት የሚባለው ቻናል የናሳ አይደለም፣ የግል ነው፤ ግን ጥሩ ነው።

10. ዳታ እንዳይበላችሁ

ከድሮ የቴሌቪዥን ቴፕ የተቀዳ ፊልም በ1080 ማየት ብር ማቃጠል ነው። ምስሉ ራሱ ያን ያህል ዝርዝር የለውም፤ 360 ወይም 480 ይበቃዋል። ቃለ መጠይቅና ሌክቸር ደግሞ 144 ላይ አድርጋችሁ ስሙት። ጥራቱን ከፍ የምታደርጉት የሞተር ሙከራና አዲስ የተቀረጸ ማስወንጨፊያ ስታዩ ብቻ ነው። ረዣዥሙን ዋይፋይ ያለበት ስትደርሱ ወይም የሌሊት ጥቅል ገዝታችሁ ከኢንተርኔት አርካይቭና ከናሳ አውርዱ፤ በሕጋዊ መንገድ በስልካችሁ ይቀመጣል።

እንግሊዝኛው ከፈጠነባችሁ ፍጥነቱን 0.75 አድርጉ። ካፕሽን ከፍታችሁ በቅንብሩ ውስጥ «አውቶ ትራንስሌት» ገብታችሁ አማርኛ መምረጥ ይቻላል። ትርጉሙ ቴክኒካል ቃል ላይ ሲደርስ ያስቃል፤ ሐሳቡን ለመያዝ ግን ይረዳል። ከዚህ የተሻለው ከቪዲዮው ሥር «ሾው ትራንስክሪፕት» የሚለውን ከፍቶ ጽሑፉን ማንበብ ነው። የሁለት ሰዓት ቃለ መጠይቅ ውስጥ የምትፈልጉት ቃል የት እንዳለ ፈልጋችሁ፣ መስመሩን ስትነኩት ቪዲዮው እዚያው ይዘላል። ዳታም ጊዜም ይተርፋል።

11. አልጎሪዝሙን አሠልጥኑት

ለዚህ ጉዳይ ብቻ የሚሆን ሌላ አካውንት ክፈቱ። ቤት ውስጥ ልጆች ካርቱን፣ ሌላው ሰው ድራማ የሚያይበት አካውንት ላይ ኤንግልባርትን መጠበቅ ዘበት ነው። አዲሱ አካውንት ላይ ከላይ ከጠራኋቸው አምስት ስድስቱን ሰብስክራይብ አድርጉ። የጀመራችሁትን ጥሩ ቪዲዮ እስከ መጨረሻው እዩ፤ የማይረባውን ወዲያው ዝጉ። ቀይ ቀስት ሲመጣ ጎኑ ላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክታችሁ «ይሄን ቻናል አታምጣብኝ» የሚለውን ምረጡ። «አልፈልግም» ከሚለው ይልቅ እሱ ይበረታል።

በስህተት የተከፈተ ነገር ካለ ከሂስትሪ ላይ አጥፉት። ያያችሁትንና የወደዳችሁትን ደግሞ በርዕስ ለይታችሁ ፕሌይሊስት ውስጥ ክተቱ፦ «ሞተር»፣ «አደጋ»፣ «ኮምፒውተር»። ቪዲዮ ሊጠፋ ስለሚችል የቪዲዮውን ርዕስና የቻናሉን ስም ማስታወሻ ላይ ጻፉ፤ ሲሰረዝ ፕሌይሊስቱ ላይ የሚቀረው «የተሰረዘ ቪዲዮ» የሚል ባዶ መስመር ብቻ ነው።